የማትሮጠው ፍየል

ሦስቱን መኪኖች ያቃጠልኳቸው እኔ ነኝ። ሸራ የለበሱ የወታደር መኪኖች ናቸው። ያቃጠልኳቸውም እዚሁ አዳማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ አጎቴ ቤት፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ በግራ እጄ የምስር ሳምቡሳ ይዤ ነው። ዘይቱ ኪቦርዱን እንዳይነካው ትንሿን ጣቴን ብቻ ነበር የምጠቀመው። ይሄን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። ያኔ ግን ጉራ ነበር።

አጎቴ ሰብስቤ ጌም ቤት አለው። አራት ቴሌቪዥን፣ አራት ፕሌይስቴሽን፣ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ኮምፒውተር። እኔ ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ተውኩትና (እውነቱን ለመናገር ትምህርቱም ብዙ አልለመነኝም) እዚያ ገባሁ። ሥራዬ ሰዓት መያዝ፣ ሰዓቱ ያለቀበትን ማስነሣት፣ "አንድ ጎል ብቻ፣ በእናትሽ!" የሚለኝን አለመስማት ነው። ወንዶቹ መጀመሪያ ላይ "ሴት ልጅ ስለ ጌም ምን ታውቃለች" ይሉ ነበር። ተራ በተራ አስቀምጬ ስምንት ለዜሮ ከሸኘኋቸው በኋላ "እሜቴ ሶሲ" ይሉኝ ጀመር።

ያስተማረኝ ሰይፉ ነው። ሙሉ ስሙ ሰይፈሚካኤል፤ የእትዬ ዘውድነሽ አንድ ልጅ። እትዬ ዘውድነሽ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት በረንዳቸው ላይ የባጃጅ ወንበር ልብስ ይሰፋሉ። አዳማ ውስጥ ባጃጅ ተሳፍራችሁ ወንበሩ ቀይና ጥቁር ሆኖ ጠርዙን ነጭ ክር የዞረው ከሆነ የእሳቸው እጅ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እኛ ቤት ጥይትና ጎል፣ እሳቸው ጋ የስፌት መኪናው ትክ-ትክ-ትክ። ሁለቱን ድምፆች አንድ ላይ ካልሰማሁ ቀኑ የጀመረ አይመስለኝም።

ሰይፉ የኳስ ጌም አይወድም ነበር። እሱ የሚወደው ጥግ ያለውን ኮምፒውተር ነው። እዚያ ላይ አንድ የጦርነት ጌም አለ፤ ዝም ብላችሁ የምትተኩሱበት ሳይሆን አገሩን ራሳችሁ የምትሠሩበት። ተራራውን ታስቀምጣላችሁ፣ መንገዱን ትዘረጋላችሁ፣ ግራር ትተክላላችሁ፣ መኪናና ታንክ ትደረድራላችሁ። አቧራ ይነሣ ስትሉት አቧራ ይነሣል። ሰይፉ ግን ጦርነቱን ትቶ መኪና ብቻ ነበር የሚነዳው። ሹፌር መሆን ነበር የሚፈልገው። መንገዱ መሀል ሁልጊዜ አንዲት ነጭ ፍየል ያቆማል፤ ጌሙ ውስጥ ፍየል አለ፣ ማን ምን አስቦ እንዳስገባት አላውቅም።

"ሶሲ፣" ይለኛል፣ "ሹፌርነት ማለት እሷን ሳይነኩ ማለፍ ነው። ሌላው መሪ ማዞር ነው።"

ነገሩ ከልጅነቱ የመጣ ነው። አንድ ጊዜ በአጎቱ የጭነት መኪና ወደ አሰላ ሲሄዱ ሁሩታን እንዳለፉ አንዲት ፍየል ገጩ። አጎቱ አልቆመም። ሰይፉ እስከ አሰላ ድረስ ዞሮ ወደ ኋላ ሲያይ ነበር።

የጌሙ ፍየል ደግሞ አትሮጥም። መኪና ብትነዱባት፣ ክላክስ ብታደርጉባት፣ አጠገቧ ቦምብ ብታፈነዱ፣ ሣሯን እንደጋጠች ናት። የሠሯት ሰዎች መደንገጥን ረስተውባታል።

ከዚያ ሰይፉ ዘመተ። "መንጃ ፈቃድ እዚያ በነፃ ነው የሚሰጡት" ብሎ ቀለደ፤ እውነትም ሹፌር አደረጉት። መጨረሻ ለእናቱ የደወለው ለጥምቀት ነው። ከዚያ ወዲያ ስልኩ አይጠራም። እትዬ ዘውድነሽ ቀን ቀን ይሰፋሉ፣ በመሀል ስልካቸውን አንሥተው ይደውላሉ፣ ጆሯቸው ላይ ትንሽ ያቆዩታል፣ ያስቀምጡታል፣ ይሰፋሉ።

*

ንዋይ የመጣው ጾሙ ሊያዝ ሰሞን ነው። ድሮ ቡልቡላ መንገድ ዳር ሞባይል ይጠግን ነበር፤ አሁን ፔጅ አለው። የጦርነት ፔጅ። የየትኛው ወገን እንደሆነ አልነግራችሁም። እናንተም ወገን ይኖራችኋል፤ ነገሩን ትታችሁ ወገኑን ትይዙብኛላችሁ።

"ጎበዝ ናት ይሉሻል" አለኝ።

"ይላሉ አይደለም፣ ነኝ።"

"ኮንቮይ ማቃጠል ትችያለሽ?"

"የማንን?"

"የእነሱን ነዋ!"

"ጌሙ ውስጥ የእነሱ የሚባል የለም። አረንጓዴ መኪና አለ፣ ቡናማ መኪና አለ።"

"እንግዲያው ቡናማውን አቃጥዪዋ።"

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ደረቅ ኮረብታ ሠራሁ፣ ከሥሩ ኮረኮንች መንገድ፣ ግራርና ግራር፤ ከአዳማ ወደ ታች ወርዶ የማያውቅ ሰው እንኳ አይቶት "የኛው አገር ነው" የሚለው ዓይነት። ሦስት መኪና አሰለፍኩ። ባዶ ነበሩ። ኮምፒውተሩ ሰው ሲበዛበት ይንቀራፈፋል፤ ስለዚህ ሹፌርም ወታደርም አላስገባሁም። የማይሄዱትን መኪኖች የሚሄዱ ለማስመሰል ካሜራውን እያንቀጠቀጥኩ ከሩቅ አነሣኋቸው፤ አቧራውንም ለቀቅኩት። ከዚያ አንድ በአንድ አቃጠልኳቸው። ንዋይ ስክሪኑን በስልኩ ቀረፀው፣ አደበዘዘው፣ ፉከራ ጨመረበት፣ "ሰበር! የጠላት ኮንቮይ ዶግ አመድ ሆነ" ብሎ ጻፈበት።

መንገዱ ዳር ነጯን ፍየል አቁሜያት ነበር። ለሰይፉ ብዬ ነው። ግንባር ላይም ቢሆን ስልክ ያለው ሰው አይጠፋም፤ አንድ ቀን ካያት "ይቺ ሶሲ ናት!" ብሎ ይስቃል ብዬ።

በማግስቱ ሦስት መቶ ሺህ ሰው አይቶታል። ሦስት መቶ ሺህ! እኔ ሶሲ፣ የሰባተኛ ክፍል ውጤቴን ወላጅ እንኳ መጥቶ ያላየልኝ። ኮመንቱን ሁሉ አነበብኩ። የሚያለቅስ አለ፣ የሚፎክር አለ፣ "እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው" የሚል አለ። "ይቺ ፍየል ለምን አትሮጥም?" ያለ ግን አንድም ሰው የለም።

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ንዋይ ሆዱን ይዞ እየሳቀ መጣ። "መኪናሽን ሰረቁሽ!" አለኝ። ከዚያኛው ወገን አንዱ ፔጅ ቪዲዮዬን ወስዶ፣ የኛን ፉከራ አውጥቶ የራሱን ፉከራ አስገብቶ ለቆታል። ያቃጠለው እሱ ሆኗል፤ የተቃጠለው የኛ ወገን። የክፍለ ጦሩን ቁጥር ጠቅሶ "አንድም የተረፈ የለም" ይላል።

እኔም ሳቅሁ። ያን ሳቄን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ክፍለ ጦሩ ለእኔ ቁጥር ነበር፤ ቁጥር ደግሞ ድሮም አይገባኝም። የሰይፉ ክፍለ ጦር ቁጥር ስንት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

*

መርዶ እንዴት እንደሚመጣ የሰፈር ልጅ ሁሉ ያውቃል። በስልክ አይነገርም። በስውር ዘመድ ከየአገሩ ይጠራል፣ ድንኳን ይዘጋጃል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ከዚያ ጎህ ሲቀድ ሁሉም አንድ ላይ ሆኖ በር ያንኳኳል፤ ሰውየው ብቻውን ሆኖ እንዳይሰማው። እስከዚያ ባለቤቱ ምንም ማወቅ የለበትም። ሰፈሩ በሙሉ እየሳቀ፣ እየቀለደ፣ ዋሽቶ ያቆየዋል። ደግ ውሸት ነው። ክፋቱ፣ የተደበቀበትን ሰው "አንተስ ምን ሰማህ?" ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም።

ሐሙስ ቀን የዕድሩ ድንኳን በባጃጅ ተጭኖ ወደ ጋሽ ወዬሳ ግቢ ሲገባ አየሁ። ጋሽ ወዬሳ የዕድሩ ዳኛ ናቸው። ሰው ግን አልሞተም፤ ጡሩምባ አልተነፋም። ዓርብ ዕለት ከሁሩታ አምስት ሰዎች መጡና እሳቸው ጋ አረፉ። አንዷን ሴትዮ "ምን እግር ጣላችሁ?" አልኳት።

"ለሰርግ ነው የመጣነው" አለችኝ።

በዐቢይ ጾም? ፌስታሏ ውስጥ ጥቁር ቀሚስ ታጥፎ ይታያል።

ሮጬ አጎቴ ጋ ሄድኩ። "ጋሼ፣ ማን ሞቶ ነው?"

ዘወር ብሎ በሩን አየ፣ ፊት ለፊት ያለውን በረንዳ አየ። ትክ-ትክ-ትክ። "ድምፅሽን ቀንሺ። እሁድ ጠዋት ለእትዬ ዘውድነሽ ሊነገራቸው ነው።"

"ሰይፉ?"

"ሰይፉ።"

አንድ ልጅ ከኋላዬ "ሶሲ፣ ጆይስቲኩ አይሠራም!" ይላል።

"ማን ነገራችሁ?"

"ምን ነጋሪ ያስፈልገዋል? ክፍለ ጦሩ በስሙ ተጠርቷል። ልጁ ሹፌር ነው፣ ሁለት ወር ድምፁ የለም። የተቃጠሉባቸው መኪኖች በቪዲዮ አሉ።" ስልኩን ከባንኮኒው ሥር አውጥቶ፣ ማንም እንዳያይ በእጁ ከልሎ አሳየኝ።

መጀመሪያ ያየሁት ፍየሏን ነው።

"ጋሼ፣" አልኩት፣ "ይሄ የኛ ነው።"

"የማን?"

"የዚያ ኮምፒውተር። እኔ ነኝ የሠራሁት። ጌም ነው።"

አጎቴ መትቶኝ አያውቅም። ያን ቀን እጁን አነሣ። ከዚያ ያነሣውን እጅ የት እንደሚያደርገው ጠፋው፤ የራሱን አፍ ያዘበት። ቆይቶ፣ "ዝም በይ፣" አለኝ፣ "ዝም በይ ብቻ። ኮምፒውተሩንም ይወስዱታል፣ አንቺንም ይወስዱሻል። እኔ ደግሞ ለእናትሽ ምን ብዬ ነው የምነግራት?"

ለንዋይ ደወልኩ። ነገሩን ስነግረው፣ "ታዲያ እኮ ሞቶም ሊሆን ይችላል" አለኝ።

"በኔ መኪና ግን አልሞተም!"

"ስሚኝ፣ ሶሲ። ጌም ነው ብለሽ ከተናገርሽ የኔም ቪዲዮ አብሮ ይወድቃል። እሱ ቪዲዮ ለልጆቻችን ሞራል ሰጥቷል። ሞራል ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"ሰይፉ ልጃችን አይደለም?"

ስልኩን ዘጋው። ደግሜ ብደውል አያነሣም።

*

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ወዬሳ ግቢ ገባሁ። ሴቶቹ በጥላው ሥር ተቀምጠው የንፍሮ ስንዴ ይለቅማሉ። ብረት ድስቶቹ ጎን ለጎን ተደፍተዋል። ጋሽ ወዬሳ ድንኳኑን ዘርግተው ቀዳዳ ይፈልጋሉ። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ዛሬም ሲሄዱ መሪ የያዙ ይመስላሉ።

"ጋሽ ወዬሳ፣ ሰይፉ አልሞተም" አልኳቸው።

ሴቶቹ ስንዴውን መልቀም አቆሙ።

"ማል ጀታ?" አሉኝ ቀና ብለው፤ ሲደነግጡ ኦሮምኛው ይቀድማቸዋል። "ምንድን ነው የምትዪው? ማን ነገረሽ?"

"ማለቴ... መሞቱንም አለመሞቱንም አላውቅም። ቪዲዮው ግን ውሸት ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት፣ በጌም።"

"ኢንተላ ኮ፣" አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ድምፃቸውም ለስለስ አለ፣ "አብራችሁ ነው ያደጋችሁት። ሐዘን እንዲህ ያናግራል። እኔም ወንድሜ የሞተ ጊዜ..."

"አላበድኩም! መጥተው ይዩ። ካላመኑኝ ራስዎ በጥፊ ያጩሉኝ።"

መጡ። ሌሎች ሁለት የዕድር ሽማግሌዎችም ተከተሏቸው። አጎቴ ሲያያቸው ተጫዋቾቹን ሁሉ አስወጣና መጋረጃውን ሳበው። ሦስቱ ሽማግሌዎች በልጆቹ ትንንሽ ወንበሮች ላይ፣ ጉልበታቸው ደረታቸው ጋ ደርሶ ተደረደሩ። በሌላ ቀን ቢሆን በዚህ አንድ ሳምንት እስቅ ነበር።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። ኮረብታው መጣ። መንገዱ፣ ግራሩ፣ ሦስቱ መኪኖች። ካሜራውን እንደ ድሮው እያንቀጠቀጥኩ የመጀመሪያውን አቃጠልኩት። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ፍየሏ ትግጣለች።

"ድገሚው" አሉ ጋሽ ወዬሳ መነጽራቸውን አድርገው።

ደገምኩላቸው።

"ጎማው አይዞርም" አሉ። "አቧራው ይሄዳል፣ ጎማው ግን አይዞርም። ሠላሳ ዓመት ነድቼ... ያን ቪዲዮ አሥር ጊዜ አይቼ ጎማውን አላየሁም።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ግን አልተዋጠላቸውም። "ቆይ፣ ቪዲዮውን አይታ አስመስላ ሠርታው ቢሆንስ? የዘንድሮ ልጅ ምን ያቅተዋል?"

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። ላሳየው አልፈለግሁም። ካሜራውን ከመሬት አንሥቼ ከኮረብታው በላይ አሳለፍኩት፣ ቪዲዮው ላይ ወደሌለው ወደ ጀርባው አዞርኩት። እዚያ መንገዱ ይቆረጣል፤ ባዶ ሜዳ ነው። ሜዳው ላይ የነዳጅ በርሜሎች ተደርድረዋል፤ ሦስት መቶ ገደማ ይሆናሉ። ከላይ ሲታዩ "ሶሲ" ይላሉ። ሥራውን የጨረስኩ ቀን ነው የጻፍኩት።

ኮምፒውተሩ ብቻ ይተነፍሳል።

"ስምሽን ጽፈሽበታል" አሉ ጋሽ ወዬሳ በመጨረሻ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

"በሉ፣" አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ እየተነሡ፣ "ድንኳኑ ይመለስ። የሁሩታ ዘመዶችም በጠዋት ይሳፈሩ። እግዚአብሔር ነው ያተረፈን። ዘውድነሽ እንደሆነች ምንም አልሰማች፣ ምንም አይነገራት።"

ያን ጊዜ ነው ከመንገዱ ማዶ ትክ-ትክ የሚለው ድምፅ አለመኖሩን ያስተዋልኩት። መቼ እንደቆመ አላውቅም። መጋረጃው ተገለጠና እትዬ ዘውድነሽ ገቡ። የልኬት ሜትሩ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

"አቶ ወዬሳ፣" አሉ፣ "ድንኳኑን ወደ ግቢዎ ሲያስገቡ ከበረንዳዬ ይታያል እኮ።"

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ተነሡ። አንዱ ወንበር ወደቀ።

"ቪዲዮውን ካየሁት አሥራ አንድ ቀኔ ነው። ቀሚሴን ሳላወልቅ ነው የምተኛው፤ በሩ ሲንኳኳ እንዲሁ እንዳለሁ ልውጣ ብዬ። ሰዉ ሁሉ ከበፊቱ አብልጦ ይስቅልኛል። የማይፈልገውን የወንበር ልብስ ያሠራኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ያን ያህል ደክማችሁ የደበቃችሁትን እንዴት አውቄዋለሁ ልበላችሁ?" ስልካቸውን ከጉያቸው አወጡ። "ይሄው፣ እኔም አለኝ። ሁለተኛዋ መኪና የእሱ ናት። ሲነዳ ወደ ግራ ያዘነብላል፤ ልጅ ሆኖ ወንበር ላይ ሲቀመጥም እንዲሁ ነበር። በመስኮቱ ይታየኛል።"

ጋሽ ወዬሳ አዩኝ። አጎቴም አየኝ። ያን ሁሉ ዓመት አፍሽን ዝጊ ሲሉኝ የኖሩ ሰዎች ያን ቀን አንዳቸውም አፍ አልነበራቸውም።

"እትዬ፣" አልኩ፣ "እሱ ሰይፉ አይደለም። ማንም አይደለም። እኔ ነኝ በዚህ ኮምፒውተር የሠራሁት። ለንዋይ ፔጅ ብዬ። ከዚያ ሌሎቹ ወሰዱት።"

እንዳልገባቸው ነው ያዩኝ። "አሳዪኝ" አሉ።

አጎቴ "እትዬ፣ ተዉት ይቅር" አለ። አልሰሙትም። መኪኖቹን መለስኳቸው፤ ሳይቃጠሉ፣ ተሰልፈው። ካሜራውን ወደ ሁለተኛዋ አስጠጋሁ፤ አስጠጋሁ፤ በመስኮቱ አስገባሁት። መሪ አለ። ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ ማንም የለም።

እትዬ ዘውድነሽ አጎንብሰው ስክሪኑን ሊነኩት ደረሱ። "ባዶ ነው?"

"ባዶ ነው። ሰው ሲበዛ ኮምፒውተሩ ስለሚንቀራፈፍ ነው።"

ይሄን ነው ያልኩት። ከዚህ የተሻለ ነገር ልላቸው ፈልጌ ነበር፤ የመጣልኝ ግን ይሄ ነው።

"ሦስቱም?"

"ሦስቱም እትዬ።"

ወንበር አቀረብንላቸው፤ አልተቀመጡም። ጣታቸውን ወደ መንገዱ ዳር ዘረጉ። "እቺ ፍየልስ?"

"ሰይፉ ነው ያስተማረኝ። ሁልጊዜ መንገዱ ላይ ያቆማት ነበር። ካያት ይስቃል ብዬ ነው።"

"እስከ አሰላ አልቅሷል" አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላውቅም። "አጎቱ ቢቆጣው፣ ቢያባብለው፣ እስከ አሰላ።" ጣታቸው ፍየሏ ላይ ቆየ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። በዚያ ሰዓት የፈራሁት ጥያቄ መጣ።

"ልጄ አለ ማለት ነው?"

ሁሉም ሰው እኔን ይጠብቃል። "አለ" ብል አንድ ቃል ናት። በዚያች ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያቺን ቃል እንድላት ይፈልግ ነበር፤ እኔም ጭምር። ግን የዋሸሁት ይበቃ ነበር።

"አላውቅም እትዬ።"

እትዬ ዘውድነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አሥራ አንድ ቀን በልቤ አልቅሼ ልቀብረው ደርሼ ነበር" አሉ። "አሁን ደግሞ እንደገና ልጠብቀው ነው?"

አልተቆጡኝም። ወጥተው ሄዱ።

*

እሁድ ጎህ ሲቀድ በር አልተንኳኳም። ድንኳኑ ወደ መጋዘኑ ተመለሰ። የሁሩታዎቹ ጥቁር ልብሳቸውን በፌስታል እንደያዙ ተሳፈሩ። ስንዴው ተቀቅሎ ነበር፤ በማን ስም እንደሚበላ ጠፋና ለቤተ ክርስቲያን ደጅ ነዳያን ተሰጠ። ጋሽ ወዬሳ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥተው፣ "ከእንግዲህ ወረቀት ሳይመጣ፣ የሰው ምስክር ሳይቆም፣ በስልክ ያየነውን አናረዳም" አሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ ተጻፈ። ስሜን ግን እንዳይጻፍ አደረጉ። ስላዘኑልኝ ይሁን ስላፈሩብኝ አልጠየቅኋቸውም።

እኔም ሁሉንም አሳይቼ ቪዲዮ ለቀቅኩ። ባዶዎቹን መኪኖች፣ የማትሮጠውን ፍየል፣ በርሜሎቹን፣ ስሜን። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው አየው። እነዚህኞቹ "የእነዚያ ተከፋይ ናት" አሉኝ፤ እነዚያኞቹ "የእነዚህ ተከፋይ ናት" አሉኝ። ቢያንስ በአንድ ነገር ተስማሙ። የንዋይ ፔጅ አሁንም አለ። ኮምፒውተሩን አጎቴ በአንሶላ ሸፍኖታል፤ የሞተ ሰው ይመስላል።

እትዬ ዘውድነሽ ስምንት ቀን ያህል አላናገሩኝም። በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት መንገዱን ተሻግረው መጡና ስልካቸውን ባንኮኒው ላይ አኖሩት።

"ይሄስ?" አሉኝ።

የሚቃጠል ታንክ ነው። ሁለት ጊዜ አየሁት። ጭሱ ንፋሱ ወደማይነፍስበት ይሄዳል። "ጌም ነው እትዬ።"

"ይሄስ?"

"ይሄም ጌም ነው። ይዩ፣ የወደቀው ሰውዬ ጥላ የለውም።"

ከዚያ ወዲህ በየሁለት ሦስት ቀኑ ይመጣሉ። የስፌት መኪናው ሲቆም እኔ ወንበር አዘጋጃለሁ። እንደዚያ ሆኜ ትምህርት ቤት ብማር ኖሮ ዶክተር ነበርኩ፤ አንዱን ቪዲዮ ሃያ ጊዜ ነው የማየው። ጥላ አያለሁ፣ ጎማ አያለሁ፣ የወደቀ ሰው ጫማ አያለሁ፤ ጌም ውስጥ የማንም ጫማ አይወልቅም። "ጌም ነው" ባልኳቸው ቁጥር ትከሻቸው ትንሽ ወረድ ይላል። አንዳንዱ የሌላ አገር ጦርነት ነው፤ ያንንም እነግራቸዋለሁ። ያን ጊዜ ግን ትከሻቸው አይወርድም። "የእነሱም እናቶች አሉ" ይላሉ።

ከፋሲካ በኋላ፣ ማክሰኞ ቀን፣ አንድ ቪዲዮ ይዘው መጡ። አሥራ ዘጠኝ ሰከንድ ነው። ፉከራ የለውም፣ ጽሑፍ የለውም። ኮረኮንች መንገድ ላይ አንድ ሸራ የለበሰ መኪና ይሄዳል። ጎማው ይዞራል። ከመንገዱ ዳር ፍየሎች አሉ፤ አምስት ወይም ስድስት ቢሆኑ ነው። መኪናው አጠገባቸው ሲደርስ ፍጥነቱን ቀንሶ ጠርዙን ይዞ ያልፋቸዋል። ትንሽ እንደራቀ እሳቱ መጣ።

ፍየሎቹ ሮጡ። እየተገፋፉ፣ እየተደነቃቀፉ፣ አንዷ ወድቃ ተነሥታ፣ ከስክሪኑ እስኪወጡ ሮጡ።

ደግሜ አላየሁትም።

"ይሄስ?" አሉ እትዬ ዘውድነሽ።

ጌም ነው ማለት እችል ነበር። ማንን ጠይቀው ያጣሩታል? የሚጠይቁት እኔን ነው።

"ይሄ የኔ አይደለም እትዬ" አልኳቸው።

"የማንም አይደለም? የሠራው ሰው የለም?"

"እውነተኛ ነው።"

ስልኩን ከእጄ ወሰዱ። "ሹፌሩ ይታያል?"

"አይታይም። ሩቅ ነው።"

"ፍየሎቹን ግን አለፋቸው" አሉ።

"አልፏቸዋል።"

"ብዙ ሹፌር ፍየል አይገጭም።"

"አዎ እትዬ። ብዙ ሹፌር አይገጭም።"

ስልካቸውን ጉያቸው ውስጥ ከተው ወጡ። ባጃጅ እስኪያልፍ ጠበቁ፣ መንገዱን ተሻገሩ፣ በረንዳው ላይ ተቀመጡ። ልጆቹ ከኋላዬ "ጎል!" ብለው ይጮሃሉ። አራቱንም ቴሌቪዥኖች ድምፃቸውን አጠፋሁባቸው። "እሜቴ፣ ምን ሆነሻል?" አለኝ አንዱ። ዝም እንዲል በእጄ አሳየሁትና በሩ ላይ ቆምኩ።

ብዙ ቆየ። ከዚያ አንድ ጊዜ ትክ አለ። ቆመ። ከዚያ ቀስ ብሎ ትክ-ትክ-ትክ።